ከዶሮ ቤት የሚወጣው ሽታ ከመኖው ይጀምራል

በቦንጋና በአካባቢዋ ዶሮ የሚያረቡ ወገኖችን የጎበኘ ሰው የማይረሳው አንድ ነገር አለ። በዝናብ ወራት የዶሮ ቤቱ በር ገና ሲከፈት ዓይን የሚያስለቅስና ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ይቀበለዋል። ባለቤቱም እንግዳውን ላለማሳፈር፣ «ምን ይደረግ፣ ዶሮ ነውና ይሸታል» ይላል። እኛም ለብዙ ጊዜ ይህንኑ ስንል ቆይተናል።

ስለዚህ ሽታ ለመጻፍ የተነሣሁት በጊምቦ ወረዳ በሚኖሩ አንዲት እናት ቤት ከደረሰው ነገር ነው። እኒህ እናት አንድ መቶ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሏቸው። የልጆቻቸው ደብተርና ልብስ የሚገዛው ከእንቁላሉ ነው። በአንድ ክረምት እንቁላሉ በመጠንም በቁጥርም እያነሰ ሲሄድ ምክር ጠየቁን። ይህን የምጽፈው እኔ ራሴ፣ «ገንቢ ምግብ አንሷቸው ይሆናል፤ የኑግ ፋጉሎውን ይጨምሩላቸው» አልኋቸው። ጨመሩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሼ ስሄድ ጉዝጓዙ ረጥቦ ጭቃ መስሏል፤ ሽታው ከበፊቱ በርትቷል፤ ከዶሮዎቹም አንዳንዶቹ ዓይናቸው አብጦ ተከድኗል። እንቁላሉ ግን አልጨመረም። ከዶሮ ቤቱ በታች፣ በቁልቁለቱ፣ ጎረቤት የሚቀዳበት ምንጭ አለ። ዝናቡ ኩሱን እያጠበ ወደ ምንጩ ያወርድብናል ብለው ጎረቤቶቹ ዶሮዎቹ እንዲነሡ ጠይቀው ነበር። «ልጄ፣ የመከርኸኝን አድርጌ ነው እንዲህ የሆንሁት» አሉኝ። በዚያ ቀን የምመልሰው አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ የተማርነውን፣ በየአጥቢያው ዶሮ ለምታረቡና በየፕሮጀክቱ ለምትሠሩ ሁሉ እንደሚከተለው እናካፍላለን።

ሽታው ምንድን ነው?

ሥጋም ሆነ እንቁላል የሚሠራው ከፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲን ደግሞ ናይትሮጂን የሚባለውን ንጥረ ነገር ይይዛል። ከ100 ግራም ፕሮቲን ውስጥ 16 ግራም ያህሉ ናይትሮጂን ነው። እንስሳ ትርፍ ጉልበት ሰጪ ምግብ ቢበላ በስብ መልክ ያስቀምጠዋል፤ ትርፍ ፕሮቲን ግን የሚያስቀምጥበት ጎተራ የለውም። አፍርሶ ማስወጣት አለበት። እኛና ከብቶቻችን በሽንት እናስወጣዋለን። ዶሮ ለብቻው የሚወጣ ሽንት ስለሌላት ዩሪክ አሲድ አድርጋ ከኩሷ ጋር ታስወጣዋለች። በኩሱ ላይ የምናየው ነጩ ነገር እርሱ ነው።

ይህ ነጭ ነገር ደረቅ ሆኖ ከቆየ ብዙም አይሸትም። እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ግን በጉዝጓዙ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች አሞኒያ ወደሚባል ጋዝ ይለውጡታል። ዓይናችንን የሚያቃጥለው ይህ ነው። ለዚህም ነው ያው ዶሮና ያው ቤት በበጋ ደኅና ሆኖ በክረምት የሚከፋው፤ ካፋ ደግሞ የክረምት እጥረት ያለበት አገር አይደለም።

በዶሮ ቤት አየር ውስጥ አሞኒያ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 25 እጅ እንዳይበልጥ የዶሮ እርባታ ባለሙያዎች ይመክራሉ። ከዚያ ሲያልፍ ዓይን ያቆስላል፤ በመተንፈሻ ቧንቧ ውስጥ አቧራና ተውሳክ የሚጠርጉትን ረቂቅ ፀጉሮች ያደክማል፤ እንደ ፈንግል ያለ በሽታም በቀላሉ መንገድ ያገኛል። መለኪያ መሣሪያ በእጃችን የለም። አፍንጫችን አለ፤ እርሱም ያታልላል። በየቀኑ የሚገባ ሰው ሽታውን ስለሚለምደው አይሰማውም። ስለዚህ ከውጭ የመጣ እንግዳ ወይም ሕፃን ልጅ ሲገባ ፊቱን ተመልከቱ። ደግሞም ቁሙና ብቻ አታሽትቱ፤ ዶሮዋ በምትተነፍስበት ቁመት ልክ፣ ከጉዝጓዙ ጥቂት ከፍ ብላችሁ፣ ቁጢጥ ብላችሁ አሽትቱ።

ወደ ውጭ ሲወጣ

ከዶሮ ቤት የወጣው አሞኒያ ጠፍቶ አይቀርም። በአየር ሄዶ በዝናብ ይመለሳል። በመሬት ላይ የቀረው ኩስ ደግሞ በአፈር ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ይለወጣል፤ ናይትሬት በውኃ በቀላሉ ስለሚሟሟ ሰብል ካልወሰደው እየሰረገ ወደ ምንጭና ወደ ጉድጓድ ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የወሰነው ልክ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ናይትሬት ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ውኃ በተለይ ከስድስት ወር በታች ላሉና የዱቄት ወተት በውኃ ተበጥብጦ ለሚሰጣቸው ሕፃናት አደገኛ ነው፤ ደማቸው አየር መሸከም ያቅተዋል። እናቶች ሊያውቁት የሚገባው ነገር፣ ማፍላት ናይትሬትን አያጠፋም። ውኃው በተነነ ቁጥር የቀረው ውስጥ ያለው ናይትሬት ይበረታል። ማፍላት ተውሳክን ለመግደል ደግ ነው፤ ለዚህ ግን መድኃኒት አይደለም።

የካፋ ደንና ረግረግ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። የጎጀብንና የአለምጎኖን ረግረጎች የሚያውቅ ሰው እዚያ ያለው ውኃ ለስንት ሕዝብና ከብት እንደሚበቃ ያውቃል። ይህን ስንል በአካባቢያችን ያለው ዶሮ ረግረጉን አበላሸው ማለታችን አይደለም። አብዛኛው የገጠር ዶሮ በግቢ እየዞረ ትል ለቅሞ የሚያድር ነው፤ ኩሱም በእንሰቱ ሥር ይበተናል፤ ማንንም አይጎዳም። ችግሩ መቶ ወይም አምስት መቶ የተሻሻለ ዝርያ ዶሮ በአንድ ጣራ ሥር፣ ከአንድ ምንጭ በላይ ሲዘጋና መኖው ከውጭ ሲመጣለት የሚጀምረው ነው። እንዲህ ያለው ቤት በየዓመቱ እየበዛ ነው።

ነገሩ ሲበዛ ወዴት እንደሚያደርስ ከኔዘርላንድ ማየት ይቻላል። ትንሽ አገር ናት፤ ከብቷ፣ ዓሣማዋና ዶሮዋ ግን እጅግ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 የአገሪቱ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት፣ መንግሥት የናይትሮጂን ብክለትን የሚቆጣጠርበት ደንብ የተፈጥሮ ሥፍራዎችን አይጠብቅም ብሎ ሻረው። በዚህ የተነሣ ብዙ የግንባታና የእርባታ ፈቃድ ቆመ፤ ገበሬዎችም በትራክተር መንገድ እየዘጉ ተቃወሙ። እዚያ የደረሱት በአንድ ቀን አልነበረም።

አንድ መቶ ዶሮ ስንት ከረጢት ዩሪያ ነው?

እስቲ እርሳስ ይዘን እንቁጠር። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 115 ግራም ያህል መኖ ትበላለች። መቶዋ 11 ኪሎ ተኩል መሆኑ ነው። መኖው ከመቶ 18 እጅ ፕሮቲን ካለው፣ በቀን ከ2 ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ፕሮቲን ገባ ማለት ነው፤ በውስጡም 331 ግራም ናይትሮጂን አለ። አሁን የሚወጣውን እንይ። መቶዋ ዶሮ 75 እንቁላል ብትጥል፣ በአንዱ እንቁላል ውስጥ ያለው ናይትሮጂን 1 ግራም ገደማ ስለሆነ፣ በእንቁላሉ የሄደው 75 ግራም ነው። የቀረው 250 ግራምና ከዚያ በላይ በኩስ ወጣ። በዓመት ከ90 ኪሎ ይበልጣል።

ባለ 50 ኪሎ የዩሪያ ማዳበሪያ ከረጢት የሚይዘው ናይትሮጂን 23 ኪሎ ነው። እንግዲህ መቶ ዶሮ በዓመት አራት ከረጢት ዩሪያ የሚያህል ናይትሮጂን በጉዝጓዙ ላይ ትጥላለች። ጉዝጓዙ እርጥብ ከሆነ ከዚህ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያም በላይ ወደ አየር ሊጠፋ ይችላል። ዩሪያ ለማግኘት ስንት ወረፋ እንደሚጠበቅ የሚያውቅ ገበሬ ይህን ሲሰማ ዝም ይላል። እኔም በመጀመሪያ ስቆጥረው ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ ቆጥሬዋለሁ።

ያው መቶ ዶሮ፣ ያንኑ 75 እንቁላል እየጣለች፣ ከመቶ 16 እጅ ፕሮቲን ያለው መኖ ብትበላስ? የሚገባው ናይትሮጂን ወደ 294 ግራም ይወርዳል፤ በእንቁላል የሚሄደው ያው 75 ግራም ነው፤ ስለዚህ በኩስ የሚወጣው ከ220 ግራም አይበልጥም። ሁለት እጅ ፕሮቲን መቀነስ በኩስ የሚወጣውን ናይትሮጂን ከመቶ 14 እጅ ያህል ይቀንሳል። ፕሮቲን ደግሞ ከመኖው ሁሉ ውዱ ክፍል ነው።

ጥያቄው እንግዲህ እንቁላሉ ሳይቀንስ ይህ ይቻላል ወይ የሚለው ነው።

ምሰሶ በዝቶ ልጥ ሲያንስ

ፕሮቲን አንድ ነገር አይደለም። አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ሃያ ያህል ክፍሎች የተሠራ ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹን ዶሮዋ ራሷ ልትሠራቸው ስለማትችል የግድ ከመኖ ማግኘት አለባት። ቤት የሠራ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ምሰሶ ተከምሮ፣ ማገር ተከምሮ፣ ማሰሪያ ልጥ ግን ቢያንስ ግድግዳው ልጡ እስካለበት ድረስ ብቻ ይቆማል። ተጨማሪ ምሰሶ ቢመጣ ግድግዳ አይሆንም፤ በግቢ ውስጥ ተጋድሞ ይበሰብሳል። በዶሮ መኖ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያንሰው ልጥ ሜቲዮኒንና ላይሲን የሚባሉት ሁለት አሚኖ አሲዶች ናቸው።

የኑግ ፋጉሎ ፕሮቲኑ ብዙ ነው፤ ከመቶ 30 እጅ ያህል ይደርሳል። ላይሲኑ ግን ያንሳል፤ ገለባውም ብዙ ስለሆነ ለዶሮ ይከብዳል። በቆሎም ላይሲን የለውም ከሚባለው ወገን ነው። በቆሎና ፋጉሎ ብቻ ሲቀላቀሉ አንዱ የጎደለውን ሌላው አይሞላለትም። እኔ ለእኒያ እናት «ፋጉሎ ይጨምሩ» ስላቸው በግቢያቸው ላይ ምሰሶ መከመሬ ነበር። ዶሮዎቹ ትርፉን አፍርሰው አስወጡ። ትርፍ ፕሮቲን ለማስወጣትም ብዙ ውኃ ጠጡ፤ ጉዝጓዙ የረጠበው ከጣራው ብቻ አልነበረም።

አኩሪ አተር በተቃራኒው ላይሲኑ ብዙ፣ ሜቲዮኒኑ ጥቂት ነው። የሰሊጥ ፋጉሎ ደግሞ ሜቲዮኒን የበዛበት ነው። ስለዚህ አኩሪ አተርን ከኑግ ወይም ከሰሊጥ ፋጉሎ ጋር ማቀላቀል አንዱን ብቻ ከማብዛት ይሻላል። ሜቲዮኒን በፋብሪካ ተሠርቶ እንደ ነጭ ዱቄትም ይሸጣል፤ ከቫይታሚንና ከማዕድን ቅምሙ ጋር በአዲስ አበባና በቢሾፍቱ ካሉ የመኖ መደብሮች ይገኛል። ለአንድ ኩንታል መኖ ከ100 እስከ 150 ግራም ይበቃል።

ለእንቁላል ጣይ ዶሮ ለአንድ ኩንታል የተጠቀምነው ቅልቅል ይህ ነው፦ በቆሎ 53 ኪሎ፣ የተቆላ አኩሪ አተር 18 ኪሎ፣ የኑግ ፋጉሎ 10 ኪሎ፣ የስንዴ ፉርሽካ 9 ኪሎ፣ የተፈጨ ኖራ ድንጋይ 8 ኪሎ ተኩል፣ የአጥንት ዱቄት 1 ኪሎ፣ ጨው 300 ግራም፤ የቀረውን ሜቲዮኒንና ቫይታሚን ይሞላዋል። ፕሮቲኑ ከመቶ 15 ተኩል ገደማ ይሆናል። ቁጥሩ አንሶ ስታዩት አትደንግጡ፤ የሚፈለገው ክፍል በልኩ ስላለበት ይበቃል። ሜቲዮኒን ወይም የሰሊጥ ፋጉሎ ሳይኖር ፕሮቲኑን ብቻ መቀነስ ግን ስሕተት ነው። እንቁላሉ ያንሳል፤ ዶሮዎቹም እርስ በርሳቸው ላባ መነቃቀል ይጀምራሉ።

በነገራችን ላይ በመኖ ከረጢት ላይ «ፕሮቲን ከመቶ ይህን ያህል» የሚለውን ጽሑፍ አይታችሁ ብቻ አትርኩ። ላቦራቶሪው የሚለካው ናይትሮጂኑን ነው፤ ከዚያ በ6.25 ያባዛዋል። የናይትሮጂኑን ዓይነት አይነግራችሁም። እ.ኤ.አ. በ2008 በቻይና ወተት ውስጥ ሜላሚን የተባለ ኬሚካል የተጨመረው በዚሁ ቀዳዳ ነበር፤ በምርመራ ፕሮቲን መስሎ ታየ፤ ብዙ ሕፃናት ኩላሊታቸው ታመመ፣ የሞቱም አሉ። ለከብት ተብሎ የተዘጋጀ ዩሪያ ያለበት መኖም ለዶሮ አይሰጥም። የከብት ጨጓራ ይጠቀምበታል፤ የዶሮ ግን አይችልም።

ስለ መቁላት

አኩሪ አተር ጥሬውን ለዶሮ አይሰጥም። በውስጡ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚከለክል ነገር አለ፤ ሆድ ገብቶ ሳይፈጭ ያልፋል፤ ያለፈውም በጉዝጓዙ ላይ ይበሰብሳል። ይህን ነገር የሚያጠፋው ሙቀት ነው። ከልክ ያለፈ ሙቀት ደግሞ የፈለግነውን ላይሲን ራሱን ያቃጥለዋል። በዚህ መካከል ያለው ጊዜ አጭር ነው።

ይህን ለማስተማር ሰዓትና ሙቀት መለኪያ ይዘን ሄደን ነበር። አላስፈለገም። በካፋ ቡና ያልቆላች ሴት የት ትገኛለች? ምጣዱ ላይ ሳሳ አድርገው፣ ሳያቋርጡ እያማሰሉ፣ የጥሬ አተር ሽታው ጠፍቶ የቆሎ ሽታ ሲመጣና ፍሬው ወርቅማ ሲሆን ያወጡታል። ቡና የሚለምድ እጅ የሚሳሳተው አሳልፎ በመቁላት ነው፤ አኩሪ አተሩ እንደ ቡና እስኪጠቁር መጠበቅ የለበትም። አንዱን ፍሬ ሰብሮ ማየት ይበጃል፤ ውስጡም እንደ ላዩ ከበሰለ ደርሷል። ከዚያ ቀዝቅዞ ይፈጫል። ዘይት ስላለው ተፈጭቶ ብዙ ቀን አይቀመጥም፤ በየሳምንቱ የሚበቃውን ብቻ መፍጨት ነው። ቦሎቄም ቢሆን ሳይቀቀል አይሰጥም።

በቆሎውንም ተመልከቱ። በአገራችን እርጥበት የተነሣ ሻጋታ የያዘው በቆሎ «ለዶሮ ይሁን» ይባላል። ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ የዶሮዋን ጉበት ይጎዳል፤ ጉበቷ የተጎዳ ዶሮ ደግሞ የቱንም ያህል ጥሩ መኖ ብትበላ በሚገባ አትጠቀምበትም።

ጥቃቅን የሚመስሉ

ለጫጩት እስከ ስምንት ሳምንት ከመቶ 20 እጅ ያህል ፕሮቲን ያስፈልጋታል፤ ቄብ ስትሆን ግን 15 ወይም 16 ይበቃታል። ከረጢቱ እስኪያልቅ ብለን የጫጩት መኖ ለቄብ ማብላት ገንዘብ መበተን ነው። ጨው ከልክ ሲያልፍ ዶሮዎቹ ውኃ ያበዛሉ፤ ጉዝጓዝ ይረጥባል። መመገቢያውን እስከ አፉ አትሙሉት፤ ሲሶው ድረስ ብቻ ይሁን፤ ከንፈሩም ከዶሮዋ ጀርባ ቁመት ጋር እኩል ይሁን። የፈሰሰ መኖም እንደ ኩሱ አሞኒያ ይሆናልና። በፕሮጀክት ላይ የምትሠሩ ወገኖች የገባውን መኖ በኪሎ፣ የወጣውን እንቁላል በቁጥር በየቀኑ እንዲመዘገብ አድርጉ፤ ያለዚያ ቅልቅሉ መሻሻሉን የምናውቀው በግምት ብቻ ይሆናል።

ለጉዝጓዝ በአካባቢያችን የቡና ገለባ አለ፤ ደርቆ ሻጋታ ካልያዘው ጥሩ ነው። የተጠረገው ጉዝጓዝ ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ በጣራ ወይም በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ፣ ከበቆሎ አገዳ ጋር እየተደባለቀ ይከመር። ሲበስል ለእንሰት፣ ለጎመንና ለበቆሎ ይሆናል። ከላይ የቆጠርነው አራት ከረጢት ዩሪያ ያለው እዚህ ክምር ውስጥ ነው፤ ዝናብ ካልወሰደው።

እኒያ እናት አሁን የሚያበሉት ከላይ የጻፍነውን ቅልቅል ነው። ፋጉሎው ቀነሰ፣ አኩሪ አተሩ ገባ፣ ጣራው ተጠገነ፣ ጉዝጓዙ በቡና ገለባ ተለወጠ። ከእነዚህ የትኛው ይበልጥ እንደረዳ ለይቼ መናገር አልችልም፤ ሁሉንም በአንድ ወር ውስጥ ስላደረግን። የዓይኑ ሕመም ቆሟል። እንቁላሉ ወደ ቀድሞው ተመልሷል። ባለፈው ክረምት ስገባ በሩን ከፍተው ቁጢጥ እንድል አዘዙኝ፤ «አሁን አሽት» አሉኝ። ይሸታል፤ ዓይን ግን አያቃጥልም። ከምንጩ በላይ ጎርፉን የሚቀለብስ ቦይ ከጎረቤቶቹ ጋር ቆፍረናል፤ ዶሮዎቹም አልተነሡም። ከጎረቤቶቹ ሁለቱ ለጎመናቸው ፍግ እንዲሸጡላቸው ጠይቀዋቸዋል፤ እናታችን ግን የራሳቸው እንሰት ሳይጠግብ እንደማይሸጡ ነግረዋቸዋል።